ስለ ጀርመኑ ሰርጓጅ መርከብ ዩ-505 ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዩ-505 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ውቅያኖስ ላይ የማረከው ሰርጓጅ ነው። ከቀላሉ ጥያቄ ጀምረን ወደ አከራካሪው እንሄዳለን፤ ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዩ-505 ምን ዓይነት ሰርጓጅ ነበር?

ከወደቡ ርቆ ለወራት እንዲዘምት የተሠራ፣ ጀርመኖች «ዓይነት 9 ሲ» የሚሉት ትልቅ ሰርጓጅ ነው። ግንባታው በጁን 1940 ሐምቡርግ በሚገኘው የዶይቸ ቬርፍት መርከብ መሥሪያ ተጀመረ፤ ኦገስት 26 ቀን 1941 ለባሕር ኃይሉ ተሰጠ። ርዝመቱ ወደ 77 ሜትር፣ ክብደቱ ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ 1,120 ቶን ነው። ከፊት አራት፣ ከኋላ ሁለት የቶርፔዶ መተኮሻ ቱቦዎች አሉት፤ ሃያ ሁለት ቶርፔዶ ይጭናል። ውስጡ የተጨናነቀ ስለነበረ ጉዞ ሲጀመር ከሁለቱ መጸዳጃ ቤቶች አንዱ በምግብ ይሞላ ነበር።

የዚያ ዘመን ሰርጓጅ አብዛኛውን ጊዜውን ከውኃ በላይ ያሳልፍ እንደነበር ብዙዎች አያውቁም። ዩ-505 በሁለት ባለ ዘጠኝ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮቹ ውኃ ላይ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በዝግታ ከሄደ በአንድ ሙሌት ወደ 25,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከውኃ በታች ግን ናፍጣ አየር ስለሚፈልግ በባትሪና በኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ ነው የሚሄደው። ያኔ ፍጥነቱ ቢበዛ 13.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር እየተሳበ እንኳ ከ120 ኪሎ ሜትር በፊት ባትሪው ያልቃል። ባትሪውን ለመሙላት የግድ ወደ ላይ መውጣት አለበት። አውሮፕላን በየቦታው ማንዣበብ ሲጀምር ለዚህ ዓይነቱ መርከብ ሞት የሆነበትም ይኸው ነው።

ስንት መርከብ አሰጠመ?

ስምንት፤ በጠቅላላው ወደ 45,000 ቶን። ስምንቱም የተመቱት በ1942 ነው። በመጀመሪያ ከምዕራብ አፍሪካ ፍሪታውን አካባቢ በማርችና በኤፕሪል አራት መርከቦች አሰጠመ፦ የእንግሊዙን ቤንሞር፣ የኖርዌይን ነዳጅ ጫኝ ሲድሃቭ፣ የአሜሪካውን ዌስት ኢርሞ እና የሆላንዱን አልፋካ። ቀጥሎ ወደ ካሪቢያን አቅጣጫ ዘምቶ ሁለት የአሜሪካ መርከቦችንና ሮአማር የተባለች የኮሎምቢያ ባለ ሸራ መርከብ መታ። የመጨረሻው ሰለባ ኖቬምበር 7 የሰጠመው የእንግሊዙ ኦሽን ጀስቲስ ነው። ከዚያ በኋላ አንድም መርከብ አላሰጠመም። ይህ ከጀርመን ሰርጓጆች መካከል መካከለኛ ውጤት ነው፤ የዛሬው ዝናው ካሰጠማቸው መርከቦች ጋር የሚያያዝ አይደለም።

ገደ ቢስ፣ ዕድለ ቢስ ሰርጓጅ የሚባለው ለምንድን ነው?

ኖቬምበር 10 ቀን 1942 ከትሪኒዳድ አጠገብ ውኃ ላይ ሳለ የእንግሊዝ አየር ኃይል 53ኛ ጓድ አባል የሆነ ሃድሰን አውሮፕላን ደረሰበት። አውሮፕላኑ እጅግ ዝቅ ብሎ ስለበረረ ቦምቡ በቀጥታ የሰርጓጁን ጀርባ ሲመታ ፍንዳታው አውሮፕላኑንም ጣለው፤ ከሠራተኞቹ የተረፈ የለም። የሰርጓጁ የፀረ አውሮፕላን መድፍ ተነቅሎ ሄደ፣ ዋናው የብረት አካሉም ተበሳ። ባሕረኞቹ እዚያው ባሕር ላይ ጠጋግነው ዲሴምበር 12 ፈረንሳይ ሎሪዮን ወደብ አስገቡት። ያን ያህል ተጎድቶ በራሱ ኃይል ወደ ወደብ የተመለሰ የጀርመን ሰርጓጅ የለም ይባልለታል።

ጥገናው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ከዚያ የባሰው መጣ። በ1943 ክረምትና መጸው ደጋግሞ ወጣ፣ ደጋግሞም ከጥቂት ቀን በኋላ ተመለሰ፤ ወደ ጥልቀት ሲወርድ አንድ ነገር ያፈሳል፣ ሌላ ነገር ይሰነጠቃል። አብዛኛው በሎሪዮን የመርከብ ጥገና ሠራተኞች የተሠራ ሆን ተብሎ የታቀደ ሻጥር ነበር። በአንድ ወቅት የነዳጅ ታንኩ ላይ እርሳስ የሚያህል ቀዳዳ ተበስቶ ተገኘ፤ ሰርጓጁ በሄደበት ሁሉ ከአውሮፕላን የሚታይ የዘይት መስመር ጥሎ እንዲያልፍ ማለት ነው። የሻጥሩ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፦ ወደብ ላይ ሲፈተሽ ደህና የሚመስል፣ ግፊት ሲበዛበት ብቻ የሚከሽፍ ጉዳት።

አዛዡ በውጊያ መካከል ራሱን አጠፋ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የመጀመሪያው አዛዥ አክሰል ኦላፍ ሎቬ በሕመም ምክንያት ሲነሳ፣ በሴፕቴምበር 1942 ፒተር ቼክ ተተካ። ኦክቶበር 24 ቀን 1943 ሰርጓጁ ከውኃ በታች ሆኖ የጥልቀት ቦምብ (በተወሰነ ጥልቀት እንዲፈነዳ ከመርከብ የሚጣል በርሜል መሰል ቦምብ) ሲዘንብበት፣ ቼክ ባሕረኞቹ ባሉበት በሽጉጥ ራሱን መታ። በጥቃት ላይ እያለ በራሱ መርከብ ውስጥ እንዲህ ያደረገ ሌላ የሰርጓጅ አዛዥ አይታወቅም።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው። ምክትሉ ፓውል ማየር ወዲያው ትእዛዙን ተረክቦ፣ ጥቃቱ እስኪያልፍ ድምፅ አጥፍቶ ቆይቶ መርከቡን ኖቬምበር 7 ወደብ አስገባ። ባሕረኞቹ በሙሉ ሕይወታቸውን ያገኙት በእርሱ ነው። ሹመቱ ግን ለሐራልድ ላንገ ተሰጠ። ላንገ ከንግድ መርከብ የመጣ፣ ዕድሜው አርባ የተጠጋ ሰው ነበር፤ ሃያዎቹን በቅጡ ያልጨረሱ አዛዦች በበዙበት ጊዜ ይህ ሽማግሌ ያሰኛል። በዲሴምበር 1943 መጨረሻም ከሰጠመች አንዲት የጀርመን የጦር መርከብ የተረፉ ሠላሳ ያህል ባሕረኞችን ከቢስኬይ ባሕር ወሽመጥ አውጥቶ ብሬስት አደረሰ።

አሜሪካኖቹ በዚያ ሰፊ ውቅያኖስ ላይ እንዴት አገኙት?

የጀርመን ሰርጓጆች ከጠቅላይ መምሪያቸው ጋር በሬዲዮ አብዝተው ይነጋገሩ ነበር። እያንዳንዱ መልእክት ለአቅጣጫ ጠቋሚ ጣቢያዎች የላኪውን ቦታ ይጠቁማል፤ መልእክቱም በምስጢር ፈቺዎች ይነበብ ነበር። በዚህ መረጃ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ አንድ ሰርጓጅ እንዳለ ያውቅ ነበር። ወደዚያ የተላከው በካፒቴን ዳንኤል ጋለሪ የሚመራው 22.3 ግብረ ኃይል ነው፦ ጓዳልካናል የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ተሸካሚና አምስት አጃቢ የጦር መርከቦች (ፒልስበሪ፣ ፖፕ፣ ፍላኸርቲ፣ ሻትሌን እና ጄንክስ)።

ለቀናት ፈልገው አጡት። ነዳጅ እያነሰባቸው ወደ ካዛብላንካ ሊያቀኑ ሲሉ፣ ጁን 4 ቀን 1944 ከረፋዱ 11፡09 (በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 5፡09) ላይ ሻትሌን በሶናር (በድምፅ ሞገድ ከውኃ ሥር ያለን ነገር በሚያገኝ መሣሪያ) አንድ ነገር አገኘች። ሁለት የጓዳልካናል ተዋጊ አውሮፕላኖች ከላይ ሆነው ከውኃው ሥር የሚሄደውን ጥላ አዩ፤ ሌላ ምልክት ስላልነበራቸው ሰርጓጁ ያለበትን ውኃ በመትረየስ እየመቱ ለመርከቧ አሳዩ። ሻትሌን ለጥልቅ ያልሆነ ውኃ የተስተካከሉ ቦምቦችን ጣለች። ከመጀመሪያው ጥቃት ስድስት ደቂቃ ተኩል በኋላ ዩ-505 መሪው ተቆልፎ፣ በክብ እየዞረ ወደ ላይ ወጣ።

ባሕረኞቹ መርከቡን ለምን ማስጠም አቃታቸው?

ሥርዓቱ ግልጽ ነበር፤ መርከቡ ሊያዝ ከሆነ ማስጠም። ላንገ መርከቡ አብቅቶለታል ብሎ ሰዎቹን ለማትረፍ ወደ ላይ እንዲወጣ አዘዘ። ማማው ላይ እንደወጣ በተኩስ ክፉኛ ቆሰለ፤ በኋላ አንድ እግሩ ተቆርጧል። ከዚህ በኋላ የሚመራ ሰው ጠፋ። ባሕረኞቹ አንድ የባሕር ውኃ ማጣሪያ ክዳን ከፍተው ውኃው እንዲገባ አድርገው ሞተሩን ሳያጠፉ ዘለሉ። የፈለጉት ነገር ይሠራ ነበር፤ የጎደለው ጊዜ ነው። በቂ የመስመጫ ታንኮች ስላልተከፈቱ ውኃው የሚገባው በዝግታ ነበር።

አሜሪካኖቹ ግን ለዚህች ደቂቃ አስቀድመው ተዘጋጅተዋል። ያው ግብረ ኃይል በኤፕሪል ዩ-515ን ሲያሰጥም፣ ሰርጓጁ ወደ ላይ ወጥቶ ጥቂት ደቂቃ ተንሳፍፎ እንደነበር ጋለሪ አይቷል። እነዚያን ደቂቃዎች ብንጠቀምባቸውስ ብሎ በቀጣዩ ዘመቻ እያንዳንዱ መርከብ ወደ ሰርጓጅ ዘልሎ የሚገባ ቡድንና የመጎተቻ ገመድ እንዲያዘጋጅ አዘዘ። ሰርጓጁ እንደወጣም ከባድ መሣሪያ አቁመው ብረቱን የማይበሳ ቀላል ተኩስ ብቻ ተጠቀሙ። ሌተናንት አልበርት ዴቪድ የሚመራው የፒልስበሪ ቡድን በጀልባ ደርሶ ማማው ላይ ወጣ። ውስጥ ሰው ይኑር፣ ፈንጂ ይጠመድ አይታወቅም ነበር። ዴቪድ፣ አርተር ክኒስፐልና ስታንሊ ቭዶቪያክ ቀድመው ገቡ። ዜኖን ሉኮሲየስ የተከፈተውን ማጣሪያ አግኝቶ ክዳኑን መለሰው። ክዳኑ ወለሉ ላይ ተጥሎ ነበር፤ ወደ ባሕር ተወርውሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ታሪክ ባልተጻፈ።

በዚያ ቀን ከሃምሳ ዘጠኙ ጀርመናውያን የሞተው አንድ ብቻ ነው። በሰርጓጅ ከዘመቱት 40,000 ያህል ጀርመናውያን ወደ 30,000 የሚሆኑት እንዳልተመለሱ ላስታወሰ፣ ይህ ቁጥር ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ዴቪድ የክብር ሜዳይ ተሸለመ፤ በአትላንቲክ ውጊያ ይህን ሽልማት ያገኘ ብቸኛው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አባል ነው። ሽልማቱ ሳይሰጠው በሴፕቴምበር 1945 ስለሞተ ባለቤቱ ተቀበለችለት።

ከያዙት በኋላ እንዴት ጎተቱት? ምን ችግር ገጠማቸው?

በእኛ ግምት ከመያዙ ይልቅ ያስቸገረው መጎተቱ ነው። የመጀመሪያው ችግር ሞተሩን ማጥፋት ነበር። ሰርጓጁ በክብ ስለሚዞር ሊጠጉት አልቻሉም፤ ሲያጠፉት ደግሞ ጅራቱ ወደ ታች ይሰምጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ኋላው ውኃ ሞልቶት ነበር፣ ከመስጠም ያቆየው ወደፊት የመሄዱ ኃይል ነው። ስለዚህ መልሰው አስነሱት። ፒልስበሪ ልትጠጋ ስትሞክር ደግሞ ከሰርጓጁ አፍንጫ ግራና ቀኝ የወጣው የመስመጫ ክንፍ ጎኗን ቀደደው፤ ውኃ ገብቶባት ራሷ ችግር ላይ ወደቀች። በመጨረሻ ጓዳልካናል ራሷ ገመድ አሰረች። አውሮፕላን ተሸካሚ በጠላት ባሕር ላይ ሰርጓጅ እየጎተተች አውሮፕላን ስታስነሳ ማሰብ ይከብዳል፤ ያደረጉት ግን ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ገመድ ሌሊት ተበጠሰ፤ ወፍራም ሽቦ ተካ። መሪው ወደ አንድ ጎን ተቆልፎ ስለቀረ ሰርጓጁ ከመስመር እየወጣ ያስቸግር ነበር። የእጅ መሪው ያለው በኋለኛው የቶርፔዶ ክፍል ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ አንድ የፊውዝ ሳጥን ክዳን ተከፍቶ ስለተጋረደ ፈንጂ የተጠመደበት መሰላቸው። ጋለሪ ራሱ ገብቶ መረመረው፤ ወጥመድ አልነበረም። በሩ ተከፍቶ መሪው ተቃና።

ውኃውን ማውጣት ሌላ ጣጣ ነበር፤ ፓምፖቹ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ፣ ባትሪው ግን ሊያልቅ ተቃርቧል። የጓዳልካናል ዋና መሐንዲስ ኧርል ትሮሲኖ የጀርመን ሰርጓጅ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም፤ የቧንቧውን መስመር ዘይት በተኛበት ወለል ሥር እየተሳበ አጠናው። ከዚያ የናፍጣ ሞተሮቹን ፍሪሲዮን ፈትቶ ፕሮፔለሮቹ ከኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ጋር ብቻ እንዲገናኙ አደረገ። ጓዳልካናል ፍጥነት ጨምራ ስትጎትት ፕሮፔለሮቹ በውኃው ኃይል ዞሩ፣ ሞተሮቹ ጀነሬተር ሆኑ፣ ባትሪው ተሞላ። ፓምፖቹም ሠሩ። ከዚያ አብናኪ የተባለች ጎታች መርከብ ተረክባ ሰርጓጁ ጁን 19 ቤርሙዳ ገባ።

ኢኒግማ የተፈታው በዩ-505 ምክንያት ነው?

አይደለም፤ ይህ በጣም የተስፋፋ ስህተት ነው። ኢኒግማ ጀርመኖች መልእክታቸውን ወደ ምስጢር ጽሑፍ የሚቀይሩበት ማሽን ነው። እንግሊዞች የጀርመን ባሕር ኃይልን የኢኒግማ መልእክቶች ከ1941 ጀምሮ ያነቡ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሜይ ከዩ-110 ማሽንና ሰነዶች ወስደዋል። በ1942 መጀመሪያ ጀርመኖች ባለ አራት ጎማ ማሽን ሲያስገቡ ለወራት ጨለማ ሆነባቸው። ያንን የገለጠው በኦክቶበር 1942 ከዩ-559 የተወሰደው ሰነድ ነው፤ ሰነዱን ሲያወጡ ሁለት እንግሊዛውያን ከሰርጓጁ ጋር ሰጥመዋል።

የዩ-505 ጥቅም ሌላ ነው። ሁለት የኢኒግማ ማሽኖች፣ በወቅቱ የሚሠራባቸው የቁልፍ ዝርዝሮች፣ የአየር ሁኔታ አጭር ኮድና በካርታ ላይ የሰርጓጆችን ቦታ የሚደብቀው የኮድ መጽሐፍ ተገኙ። ይህ የመጨረሻው ለአዳኞች ወርቅ ነበር፤ መልእክቱ ከተነበበ በኋላ እንኳ ቦታው በሌላ ኮድ ስለሚሸፈን «የት?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይንጠለጠል ነበር። በተጨማሪ የመርከብ ፕሮፔለርን ድምፅ ተከትሎ የሚሄደው ቲ-5 ቶርፔዶ ሳይጎዳ እጃቸው ገባ። የዚህን መሣሪያ ባሕርይ በግምት ሳይሆን በቀጥታ ፈትሾ ማወቅ ለአጃቢ መርከቦች የሕይወት ጉዳይ ነበር።

በጦርነቱ የተማረከ የመጀመሪያው ሰርጓጅ ነው?

ለአሜሪካ ባሕር ኃይል፣ በውቅያኖስ ላይ የጠላት የጦር መርከብ ሲማርክ ከ1815 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በአጠቃላይ ግን አይደለም። እንግሊዞች በኦገስት 1941 ዩ-570ን ማርከው ግራፍ በሚል ስም በራሳቸው ባሕር ኃይል አሠርተውታል።

ከዚያም በፊት፣ ከእኛው ሠፈር፣ ሌላ አለ። መሠረቱ ምፅዋ የነበረው የጣሊያን ሰርጓጅ ጋሊሌዮ ጋሊሌይ ጁን 19 ቀን 1940 ከኤደን አጠገብ ሙንስቶን በተባለች የታጠቀች ትንሽ መርከብ ተማረከ፤ የተገኘበት ሰነድም ሌሎች የጣሊያን ሰርጓጆችን ለማደን ረድቷል። በዚያው ወር መቀሌን በስሟ የያዘው ማካሌ የተባለ ሰርጓጅ በቀይ ባሕር ደለል ላይ ወጥቶ ጠፋ። ምክንያቱ ውጊያ አልነበረም፦ ከማቀዝቀዣው ያፈሰሰው ሜቲል ክሎራይድ ጋዝ ባሕረኞቹን መርዟቸው ነበር።

የመያዙ ወሬ ለምን ተደበቀ? ምርኮኞቹስ ምን ሆኑ?

ጀርመኖች ሰርጓጁ ከነኮዱ መያዙን ቢያውቁ በማግስቱ ኮዱን ይቀይሩት ነበር። የኖርማንዲ ወረራ ደግሞ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የባሕር ኃይሉ የበላይ አድሚራል ኪንግ ጋለሪን ለጦር ፍርድ ቤት ማቅረብ ሳይቀር አስበው እንደነበር ይነገራል፤ በእርሳቸው ዓይን ማስጠሙ የበለጠ አስተማማኝ ነበር። ንዴታቸው መሠረት አለው። ሦስት ሺህ ያህል መርከበኞች አፋቸውን እንዲዘጉ ማድረግ ቀላል አይደለም፤ ለማስታወሻ የወሰዱትን ዕቃ ሁሉ እንዲመልሱም ታዘዙ። የሚገርመው ምስጢሩ መጠበቁ ነው፤ ጀርመን ዩ-505ን እንደ ሰጠመ ቆጠረችው።

ዋጋውን የከፈሉት ምርኮኞቹና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ሃምሳ ስምንቱ በሉዊዚያና ግዛት በሚገኘው የራስተን ካምፕ ከሌሎች ተነጥለው ተያዙ፤ ቀይ መስቀል እንዲያገኛቸው አልተፈቀደም፤ ለቤታቸው መጻፍም አልቻሉም። ቤተሰቦቻቸው ሞተዋል የሚል መርዶ ደረሳቸው። የ1929ኙ የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛ ስለመያዙ ለቤተሰቡ እንዲያሳውቅ ይፈቅድለታል፤ ስለዚህ ድርጊቱ ስምምነቱን የሚጥስ ነበር። ለወታደራዊ ምስጢር ሲባል የሚለው መከራከሪያ ምክንያቱን ያስረዳል እንጂ ጥሰቱን አያነሣም፤ ጦርነቱ ካለቀ በኋላማ ይህም ምክንያት የለም። እስከ 1947 ድረስ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ።

አሁን የት ነው? ምን ያህሉስ የቀድሞው አካል ነው?

ቺካጎ፣ በሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም። ከጦርነቱ በኋላ በኒው ሃምፕሺር ግዛት ፖርትስመዝ ወደብ ታስሮ ዝጎ ነበር፤ ባሕር ኃይሉም ለተኩስ ልምምድ ዒላማ ሊያደርገው አስቦ ነበር። የቺካጎ ተወላጁ ጋለሪና ቄስ የሆነው ወንድሙ ጉዳዩን ለሙዚየሙ አቀረቡ፤ የከተማዋ ሰዎች 250,000 ዶላር አዋጡ። በ1954 በቅዱስ ሎውረንስ ወንዝና በታላላቅ ሐይቆች በኩል ተጎትቶ ሚሺጋን ሐይቅ ደረሰ፤ በሴፕቴምበር መጀመሪያ የሐይቁን ዳር አውራ ጎዳና ሌሊት ዘግተው አሻገሩት።

ውስጡ ባዶ ቀርቶ ነበር፤ ተንቀሳቃሽ ዕቃው ሁሉ ለምርመራ ተነቅሎ ወጥቷል። ሙዚየሙ ለጀርመን አምራች ኩባንያዎች ሲጽፍ የጎደለውን ዕቃ በነፃ ላኩለት። ስለዚህ የብረት አካሉ፣ ሞተሮቹና ቱቦዎቹ የራሱ ናቸው፤ ከመለኪያዎቹና ከትንንሽ ዕቃዎቹ የተተኩ አሉ። ለሃምሳ ዓመት በረዶና ዝናብ ሲበላው ቆይቶ በ2004 ከመሬት በታች ወደ ተሠራለት አዳራሽ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ለጎብኚ ተከፈተ። ሙሉ ሆኖ የቀረ የዓይነት 9 ሲ ሰርጓጅ እርሱ ብቻ ነው፤ በእንግሊዝ ቢርከንሄድ ያለው የቅርብ ዘመዱ ዩ-534 በ1993 ከባሕር ወጥቶ በኋላ ተቆራርጧል።

ከዋና ዕቃዎቹ አንዱ የሆነው ፔሪስኮፕ (ከውኃ ሥር ሆኖ ላይ ያለውን ለማየት የሚያገለግል ረጅም ቱቦ) ግን ለአሥርት ዓመታት ጠፍቶ ነበር። ባሕር ኃይሉ ነቅሎ በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ወደሚገኝ የምርምር ጣቢያ ወስዶት፣ ጣቢያው በ2003 ሊፈርስ ሲል ተገኘ። ሙዚየሙን ስትጎበኙ ከሰርጓጁ ተለይቶ ለብቻው ስለተቀመጠ በማማው ውስጥ አትፈልጉት።